የአባት ስም የማይጠየቅበት ክፍል

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ባልደረቦቼ ጋቢ አለበሱኝ፤ የግድግዳ ሰዓትም ሰጡኝ። ሰዓቱ እስካሁን ከሳጥኑ አልወጣም። ዕድሜዬን ሙሉ በደወል ስነዳ ለኖርሁ ሰው ሰዓት ምን ያደርግልኛል? ጡረተኛ እንዳያረፍድ ነው?

ሻዩ ተጠጥቶ፣ ንግግሩም ሁሉ ሲያልቅ፣ ሁለት ዓመት ከጎኔ ያስተማረች አንዲት ወጣት የእንግሊዝኛ መምህርት ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች።

«ጋሼ፣ ሳልጠይቅዎት እንዳይሄዱ» አለችኝ። «ሰላምታና ትውውቅ ሲያስተምሩ የልጆቹን ስም ይጠይቃሉ። መጽሐፉ የአባትህ ስም ማን ነው የሚለው ላይ ሲደርስ ግን ገጹን ይዘሉታል። ሁለት ልጆችንም አንድ ቀን እንኳ አስነሥተው ሲያጨባብጡ አላየሁም። ሁሉም ከእርስዎ ጋር ብቻ ነው ሰላም የሚባባለው። ለምንድን ነው?»

«ልማድ ነው» አልኋት።

«እርስዎ? የጠመኔ አያያዝ እንኳ ያለ ምክንያት የለዎትም!» ብላ ሳቀች።

እኔም አብሬያት ሳቅሁ፤ ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ ለቀቀኝ። ያን ቀን ያልመለስሁላትን እዚህ እጽፈዋለሁ። ኮሶበር፣ አዲስ ቅዳም፣ ዳንግላ እያልሁ ብዙ ዞሬያለሁ። ቁጡ አለቃም፣ ሰነፍ አለቃም፣ የትምህርት ቤቱን ጠመኔ ቤቱ የሚወስድ አለቃም አይቻለሁ። ደመወዙም ሲመጣም ሲቀርም ኖረናል። ያ ሁሉ ዛሬ ጨዋታ ሆኗል። ጨዋታ ያልሆነልኝ አንድ የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው።

አስቀድሜ ጠባዬን ልናገር። የተሳሳተ ነገር ሰምቼ ዝም ማለት አይሆንልኝም፤ እጄን ይበላኛል። ባለቤቴ «አንተ እኮ ለቅሶ ቤት እንኳ አልቃሿን ታርማለህ» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ አንድ ጊዜ አርሜያለሁ። የሟቹን ዕድሜ ተሳስታ ነበር።

ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ኮሶበር የተመደብሁት በሃምሳዎቹ አጋማሽ ነው። ዛሬ እንጅባራ የምንለውን ከተማ ያኔ ብዙው ሰው ኮሶበር ይለው ነበር። ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። የሰላሌ ልጅ ስለሆንሁ ብርድ አውቃለሁ እያልሁ ስኩራራ መጣሁ፤ የዚያ አገር ካፊያ ግን በመጀመሪያው ክረምት ኩራቴን አበሰበሰው። ትምህርት ቤቱ ከቀርከሃ ተሠርቶ በጭቃ የተመረገ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ነበር። ዝናብ ሲበረታ ቆርቆሮው ይጮህና አስተማሪው ዝም ይላል፤ ያኔ ሰሌዳ ላይ እየጻፍን በምልክት እናስተምራለን። ሰሌዳውን የምናጠቁረው በባትሪ ድንጋይ ነው። የባትሪው ድንጋይ ተወቅጦ ሲቀባ ደህና ይጠቁራል፤ የተጻፈበትን ግን ቶሎ አይለቅም። ትናንት የጻፍኸው ዛሬ ከሥር ይታያል።

የሰጡኝ አራተኛ ክፍል ነበር። ከአርባ በላይ ተማሪዎች ነበሩ፤ ትንሹ ዐሥር ዓመት ቢሆነው ነው፣ ትልልቆቹ ጢም አቀምቅመዋል። ብዙዎቹ ቤታቸው የሚናገሩት አገውኛ ነው፤ አማርኛውን ገበያና ተማሪ ቤት ነው ያስተማራቸው። ስለዚህ እንግሊዝኛ ሦስተኛ ቋንቋቸው ነበረ። እኔ ሁለተኛውን ለመልመድ ስንት ዓመት ተንገላትቼ፣ እነሱ ሦስተኛውን እንደ ቀልድ ሲያፍሱት ሳይ እቀና ነበር።

አስቸጋሪው ቋንቋው ሳይሆን ሰላምታው ነበር። እጅ ጨብጡ ስላቸው ቀኛቸውን በግራቸው ደግፈው፣ ጎንበስ ብለው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ይተክላሉ። ታላቅን ዓይን ዓይኑን እያዩ ሰላም ማለት በዚያ አገር ድፍረት ነው። እኔ ደግሞ አገጫቸውን በጣቴ ቀና እያደረግሁ «እዩኝ!» እላለሁ። «ሃው አር ዩ?» ሲባሉ «አይ አም ፋይን» ብለው መጨረስም ይጨንቃቸዋል። በአገራቸው ሰላምታ ቤቱ፣ ልጁ፣ ከብቱ፣ ገብሱ ሁሉ ተጠይቆ ነው የሚያበቃው። አንዱ እጁን አውጥቶ «ጋሼ፣ ፈረንጆች ከብት የላቸውም?» ብሎ ጠየቀኝ። አንዲት ባለ ገበያ ሴትዮም ልጆቹ «ጉድ ሞርኒንግ» ሲሉ ሰምታ «ልጆቻችንን በጠዋት ጉድ፣ ጉድ የሚያሰኝ ምን መዓት መጣ?» ብላ ዳይሬክተሩ ድረስ መጥታ ነበር።

ዳይሬክተሩ መምህር ይትባረክ ይባላሉ። የዳንግላ ሰው ናቸው፤ ያኔ ሃምሳ ዓመት ይሆናቸዋል። ቅኔ ተቀኝተው፣ ኋላ ከአንድ ፈረንጅ መንገድ ሠሪ ጋር አስተርጓሚ ሆነው እየዞሩ ነው እንግሊዝኛ የለመዱት። የማስተማር ሙያ ያለ መጽሐፍ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ እኔ ግን የተማርሁት ዘግይቼ ነው።

ሦስት ልማድ ነበራቸው። በየጠዋቱ በር ላይ ቆመው የመጨረሻው ተማሪ እስኪገባ ድረስ አንድ በአንድ ሰላም ይላሉ፤ በስሙ ብቻ፣ ያለ አባት ስም። ሰላም ካሉ በኋላ ይጠብቃሉ። ልጁ ካጉረመረመ፣ ጥርት አድርጎ እስኪመልስ ዝናብም ቢዘንብባቸው ንቅንቅ አይሉም። «ሰላምታ የሰጠኸው ሰው እስኪቀበልህ እጅህን አትሰብስብ» ይሉኝ ነበር። ሁለተኛ፣ እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ እያንዳንዱ ተማሪ ከእሳቸው ጋር ብቻ ነው ሰላምታ የሚለማመደው። አርባ ጊዜ ጨብጠው፣ አርባ ጊዜ «ሃው አር ዩ» ብለው፣ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ሁለት ተማሪዎችን ፊት ለፊት አቁመው አያጨባብጡም። ሦስተኛ፣ የስም መዝገቡን በእንጨት ሣጥን ቆልፈው ቁልፉን ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል።

እኔ ይህን ሁሉ የኋላ ቀር ሥራ እለው ነበር፤ በልቤ እንኳ አይደለም፣ ፊት ለፊት።

«መምህር፣ ልጆቹ እርስ በርስ ካልተነጋገሩ እንዴት ይለምዳሉ?»

«ከእኔ ጋር ይልመዱ።»

«የአባት ስም መጠየቅስ? መጽሐፉ ላይ አለ እኮ።»

«ለእሱ ገና ናቸው» ብለው ወደ ሰሌዳው ዞሩ። የተናደዱ ጊዜ ንጹሑን ሰሌዳ እንደገና ይጠርጋሉ። ያን ቀን ለረጅም ጊዜ ጠረጉ።

ከተማሪዎቼ ሁለቱን ለይቼ ልናገር። በላይነህ ዐሥራ ሰባት ዓመት ገደማ የሆነው፣ ቀጭን፣ ቁጥብ ልጅ ነበር። ከመምህር ይትባረክ ግቢ፣ ከጓሮዋ ጎጆ ነበር የሚኖረው፤ ዘመዳቸው ይመስለኝ ነበር። ዘለቀ ደግሞ ከዘንገና አካባቢ እየተመላለሰ የሚማር የገበሬ ልጅ ነው፤ ዕድሜው እኩያው፣ ትከሻው የሰፋ፣ ሳቁ የሚያምር። ሁለቱ አንድ አግዳሚ ላይ ነበር የሚቀመጡት። ሰላም ሲባባሉ ግን አይቼ አላውቅም። አንድ ቀን የበላይነህ ቀለም አለቀበት፤ ዘለቀ ፊቱን ወደ መስኮት እንዳዞረ ብልቃጡን በክንዱ ገፋ አደረገለት። በላይነህም ነክሮ መልሶ ገፋው። አንድ ቃል አልተነፈሱም። ዓይን አፋሮች ናቸው ብዬ አለፍሁት።

መምህር ይትባረክ ለስብሰባ ዳንግላ ሲጠሩ ቁልፉን ካንገታቸው አውጥተው ሰጡኝ። «ቀሪና ገቢ ብቻ ሙላ፤ ሌላውን ተወው» አሉኝ። በዚያው ሰሞን ኢንስፔክተር ሊመጣ ነው የሚል ወሬ ነበር። ለኢንስፔክተሩ የማሳየውን ትምህርት በልቤ ሠርቼ ጨርሻለሁ፤ ተማሪዎቼ እየተጨባበጡ፣ አንዱ ሌላውን ከነአባቱ ስም እያስተዋወቀ። መዝገቡ ንጹሕ እንዲሆን ብዬ ሣጥኑን እስከ ሥሩ በረበርሁት። ከሥር አንድ የታጠፈ የመሸኛ ወረቀት አገኘሁ። መዝገቡ «በላይነህ አየለ» ይላል፤ ወረቀቱ «በላይነህ ጥሩነህ እንግዳ፣ ከአዘና»። እጄን በላኝ። ጸሐፊ ተሳስቷል አልሁ።

በማግሥቱ ለሙከራ በላይነህንና ዘለቀን አስነሣኋቸው። ሁለቱን የመረጥሁት ሰላም ስለማይባባሉ ነው፤ ዓይን አፋሮቹ ከቻሉ ሌላው አያቅተውም ብዬ።

«ተጨባበጡ» አልኋቸው።

አልተንቀሳቀሱም። ትልልቆቹ ተማሪዎች አንገታቸውን ደፉ፤ እኔ ግን ማፈር መሰለኝ።

«ምን ሆናችኋል? እጅ መጨባበጥ ያቅታል?» ብዬ የሁለቱንም ቀኝ እጅ በእጄ ያዝሁና አንድ ላይ አደረግሁት። የዘለቀ እጅ እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ነበር። «በል፣ ጓደኛህን አስተዋውቀን።»

ዘለቀ ጉሮሮውን ጠረገ። «ዚስ ኢዝ ማይ ፍሬንድ» አለ። ይህ ጓደኛዬ ነው ማለቱ ነው። «ሂዝ ኔም ኢዝ በላይነህ።»

«የአባቱስ ስም?»

ወደ በላይነህ አላየም፤ ግድግዳውን እያየ፣ «ሂዝ ፋዘርስ ኔም ኢዝ አየለ» አለ።

«ኖ!» አልሁ። ደስ ብሎኝ ነበር እኮ! ስሕተት አግኝቻለሁ። ጠመኔ አንሥቼ በትልልቁ በእንግሊዝኛ ፊደል «ጥሩነህ እንግዳ፣ አዘና» ብዬ ጻፍሁና በቀርከሃ ዘንጌ እየጠቆምሁ፣ «ሁላችሁም ድገሙ፤ ሂዝ ፋዘርስ ኔም ኢዝ ጥሩነህ» አልሁ። ከፊት የተቀመጡት ትንንሾቹ ጮኸው ደገሙት። ከኋላ ያሉት ግን አፋቸውን አልከፈቱም። ትንንሾቹም ዞር ብለው ታላላቆቻቸውን ሲያዩ ድምፃቸው መሀል ላይ ጠፋ።

ዘለቀ ፊቱ አመድ መሰለ። እጁን ከበላይነህ እጅ አላቆ መዳፉን አየው፤ ከዚያ ሳያስፈቅደኝ ወጣ። በላይነህ ደብተሩን ሰበሰበ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ።

«ጋሼ፣ ምን በደልሁዎት?» አለኝ።

ምን እንደሆነ አላወቅሁም። በማግሥቱ ሁለቱም ቀሩ፤ የክፍሉም ግማሽ ቀረ። እኩለ ቀን ላይ መምህር ይትባረክ ከአንድ የጭነት መኪና ወረዱ። ወሬው ዳንግላ ድረስ ደርሷቸዋል። ስብሰባውን ትተው ነው የመጡት። ክፍል ገብተው ሰሌዳውን አዩት። ጠርጌዋለሁ፤ ግን ከሥር ይታያል። አንሥተው መጥረግ ጀመሩ። ክንዳቸው እስኪዝል ከጠረጉ በኋላ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ ተናገሩ።

«የበላይነህ አባት በወሰን ጠብ የዘለቀን አባት ገደለ። ሸሽቶ ቆላ ወረደና በወባ ሞተ። ደሙ ለልጁ ተረፈ። እናቱ ጡት ሳይጥል አባቱን ቀይራ፣ በአጎቷ በአየለ ስም አሳደገችው። እኔ እጅ ላይ ስትጥለው ግን እውነቱ እንዳይጠፋ ብላ በመሸኛው ላይ የወላጅ አባቱን ስም አስጽፋ ሰጠችኝ፤ ሁለት ዓመት ሆነ።»

«አላወቅሁም መምህር!»

«አላወቅህም። ሳልነግርህ ቁልፉን መስጠቴ የእኔ ጥፋት ነው። ያልታዘዝኸውን ማንበብህ የአንተ ነው።» ከዚያ ዞሩ። «ክፍል ውስጥ ማን ከማን ጋር ደም እንዳለው ስለማላውቅ ነው ልጆቹን የማላጨባብጣቸው። በዚህ አገር ሰላምታ ጨዋታ አይደለም። ደም የተቃባ ሰው ሰላም ከተባባለ ታረቀ ማለት ነው። አንተ ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ካሣ፣ እጃቸውን ይዘህ አስታረቅሃቸው፤ ከዚያ በአንድ ትንፋሽ መልሰህ አጣላሃቸው።»

በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ራሴን ጠልቼ አላውቅም።

በማግሥቱ ወደ ዘንገና በእግራችን ሄድን። የዘለቀ እናት ባላቸው ከሞተ ጀምሮ ጥቁር ከላያቸው ያልወረደ ሴት ነበሩ። ከአጥሩ ውጭ ቆመው መምህር ይትባረክ «እንደምን ዋላችሁ» አሉና እንደ ልማዳቸው ጠበቁ። ሴትዮዋ አዩን። ጥጥ እየፈተሉ ነበር፤ ፈትሉን ቀጠሉ። ካፊያው ልብሳችንን አልፎ ሥጋችን ደረሰ። እኔ ልናገር ስል መምህሩ ክንዴን ያዙኝ። መጨረሻ ላይ ሴትዮዋ ተነሥተው ቤት ገቡና በሩን ዘጉት። ዘለቀ ግን በጓሮ ዞሮ ወጣና ከዘንገና ሐይቅ አፋፍ ባለው መንገድ ላይ ደረሰብን።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ አውቅ ነበር» አለኝ።

«ምኑን?»

«በላይነህ የማን ልጅ እንደሆነ። አምና እናቱ ስንቅ ይዛ ስትመጣ አየኋት። አገር የሚያውቃት ሴት ናት። እስካልተነገረ ድረስ ግን አላወቅሁም ማለት ነው። ሰላም አልልም፤ አልነካውም። እንዲህ ሆነን ሁለት ዓመት ተማርን። አሁን ክፍሉ ሰማ፤ ገበያው ሰማ፤ አጎቴ አያ ዋለ ሰማ። አላወቅሁም ብል ማን ያምነኛል? የአባቱን ደም የረሳ ነው የምባለው።»

«ታዲያ ያን ቀን አየለ ያልኸው...»

«ሌላ ምን ልበል ጋሼ?»

ዓይኑ እንባ ሞላ። «አያ ዋለ ልጁን በመልክ አያውቀውም። እኔ እንዳሳየው ነው የሚፈልገኝ። ቅዳሜ ከተማ እንወርዳለን ብሏል። ሰው ገድዬ ጫካ ከመግባት ትምህርቴን ብጨርስ ይሻለኝ ነበር» አለና ተመለሰ። ነገሩን ለምን እንደነገረን ገባን። አንድ ቀን ሰጥቶናል።

ዓርብ ገና ጎሕ ሲቀድ በላይነህን ይዘን ወደ አዲስ ቅዳም መንገድ ጀመርን። ከዚያ መኪና ይዘን ዳንግላ ልናደርሰው ነው። ጉሙ አሥር እርምጃ አያሳይም፤ ከግራና ከቀኝ ቀርከሃው ያንጠባጥባል። በላይነህ መሀላችን ነው። መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፤ «ሰለቸኝ» አለ። «ስሜን መደበቅ ሰለቸኝ።»

የፈረስ ማንኮራፋት ሰማን። ሁለት ፈረሰኞች መንገዱን ዘግተው ቆመዋል። አንደኛው ጠና ያለ ሰው ነው፤ ጠመንጃው ከኮርቻው ላይ ተጋድሟል። ሁለተኛው ዘለቀ ነው። ዘለቀ አንገቱን ደፍቷል። መውጣታችንን ከከተማ ለአጎቱ ያቀበለ ሌላ ሰው እንዳለ ያኔ ገባኝ።

«እንደምን አደራችሁ» አሉ መምህር ይትባረክ። ጠበቁ።

«መምህር፣ አንቱን አልጠላዎትም» አለ አያ ዋለ። «ሰላምታዎን ብመልስ ግን እንግዳዬ ሆኑ ማለት ነው፤ የእንግዳዬን መንገድ ደግሞ አልዘጋም። ስለዚህ አልመልስም። ያ ልጅ ወደፊት ይቅረብ።»

በላይነህ ራሱ ቀረበ። እኔ ከኋላው ተከተልሁ፤ እግሬ እንዴት እንደታዘዘኝ አላውቅም።

«እኔ ፈሪሃ እግዚአብሔር አለኝ» አለ አያ ዋለ። «በወንድሜ ደም የሌለበትን ሰው በስሕተት አልነካም። ስምህን ከነአባትህ ንገረኝ።»

በላይነህ አገጩን ቀና አደረገ። ያን አገጭ ቀና ማድረግ ያስተማርሁት እኔ ነኝ። ምን ሊል እንደሆነ ፊቱ ላይ አነበብሁት። በዚያ አገር በአባቱ ደመኛ ፊት የአባቱን ስም የካደ ልጅ ከሞተ አይሻልም። ከንፈሩ ተላቀቀ።

«ዋት ኢዝ ዩር ኔም?» አለ ዘለቀ ከፈረሱ ላይ፤ ጮክ ብሎ፣ በክፍል ድምፅ።

አጎቱ ዞረ። «ምንድን ነው የምትለው አንተ?»

«ስሙን እየጠየቅሁት ነው አያ። ተማሪ ቤት የምንጠያየቀው እንዲህ ነው» አለና መልሶ ወደ በላይነህ፣ «ዋት ኢዝ ዩር ኔም?»

በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያዩ።

«ማይ ኔም ኢዝ በላይነህ» አለ በላይነህ፤ ድምፁ አይሰማም ነበር።

«ዋት ኢዝ ዩር ፋዘርስ ኔም?»

ፈረሱ እግሩን አነሣ፤ አስቀመጠ። በአማርኛ ቢሆን ኖሮ በላይነህ አባቱን አይክድም ነበር፤ በአገውኛማ ጭራሽ። በዚያ በተውሶ ቋንቋ ግን፣ ገና ክብርም ውርደትም ባልተናገረበት ቋንቋ፣ ቻለው።

«ማይ ፋዘርስ ኔም ኢዝ አየለ» አለና አለቀሰ።

«የአየለ ልጅ ነኝ ነው የሚለው፤ እሱ አይደለም» አለ ዘለቀ።

አያ ዋለ ጠመንጃውን አላነሣም፤ አላስቀመጠምም። «ሰሌዳ ላይ የጥሩነህ ልጅ ተብሎ ተጽፎ ስንቱ ልጅ አንብቦታል። የጻፈው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አልሁ።

«ጋሼ» አለ ዘለቀ። «የመለሰው ልክ ነው?»

መምህር ይትባረክን አየኋቸው። አልረዱኝም። እንደ በሩ ላይ ልማዳቸው ቆመው መልሴን ይጠብቁ ነበር።

«ልክ ነው» አልሁ። «ልጁ ልክ ነው። የተሳሳትሁት እኔ ነኝ።»

አያ ዋለ ረጅም ጊዜ አየኝ። ማል ቢለኝ ምን አደርግ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ማል አላለኝም። ሰውዬው የማይፈልገውን መልስ ላለመስማት ይመስለኛል ሳያስምለኝ የቀረው፤ እሱም ያን ሁሉ ዓመት የተሸከመው ነገር ሳይከብደው አልቀረም።

«አስተማሪም ይሳሳታል ለካ!» አለ። «እንግዲያው ሰኞ በልጆቹ ፊት ተናገረው። ያን ጊዜ የሰማ ሁሉ ይህንንም ይስማ።» ፈረሱን ከመንገዱ አወጣው። መምህር ይትባረክ አጠገቡ ሲደርሱ ባርኔጣውን ነካ አደረገና «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና አድረናል መምህር» አለ። ሰላምታቸውን ያኔ መለሰላቸው።

ሰኞ ክፍል ገባሁ። ዘለቀ ቦታው ላይ ነበር፤ አጠገቡ ባዶ ነው። ሰሌዳው ፊት ቆሜ፣ ባለፈው ሳምንት የአንድ ተማሪ የአባት ስም ተሳስቼ መጻፌን፣ ትክክለኛው አየለ መሆኑን ተናገርሁ። ትንንሾቹ ሳቁ፤ አስተማሪ ሲሳሳት ማየት እንዴት ያስደስታል! ትልልቆቹ አልሳቁም፤ ትንፋሻቸውን ሲለቁ ግን ሰማሁ። ኢንስፔክተሩ እንደሆነ ያን ዓመት ብቅም አላለ።

መምህር ይትባረክ ስለዚያ ነገር ዳግመኛ አላነሡብኝም። ዓመቱ ሲያልቅ የመዝገቡን ቁልፍ ካንገታቸው አውጥተው ሰጡኝ፤ መልሰውም አልጠየቁኝም። ከሁሉም ምስጋና ያ ይበልጥብኛል።

ዘለቀ ስድስተኛን ጨርሶ ወደ እርሻው ገባ። አረጀንም፤ ገበያ ላይ ባገኘኝ ቁጥር፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እንኳ ቢሆን፣ «ጉድ ሞርኒንግ ጋሼ!» ይለኛል። የጠዋት ሰላምታ መሆኑን ያውቃል፤ አስተምሬዋለሁ። አላርመውም። «ጉድ ሞርኒንግ ዘለቀ» ብዬ እመልሳለሁ።

በላይነህ ዳንግላ ተምሮ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ሆነ፤ ቁስል የሚያክም። ከብዙ ዓመት በኋላ እኔም ዳንግላ ተዛውሬ አዲስ ተማሪ ስመዘግብ፣ ሰልፉ ውስጥ አንዲት ሕፃን በእጁ ይዞ ቆሞ አየሁት። ሽበት ጀምሮታል። ተቃቀፍን። ኋላ ብዕሬን አነሣሁና ልጅቱን ጠየቅኋት።

«ስምሽ ማነው?»

«ጥሩነሽ።»

እጄ ወረቀቱ ላይ ቆመ። አባቱን በልጁ ስም መልሶታል። ቀና ብዬ አየሁት፤ እሱም ዓይኔን አየኝ፣ ድሮ እንዳስተማርሁት።

«ጥሩነሽ በላይነህ አየለ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ልክ ነው ጋሼ?»

«ልክ ነው» አልሁና እንዳለው ጻፍሁት።